መቀናጆ ያፈረስሁባቸው አያ እንዳላማው

አያ እንዳላማው ማረፋቸውን የሰማሁት ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ፣ በርበሬ ሳስመዝን ነው። ከመንደራችን የመጣ አንድ ነጋዴ አህዮቹን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝና «አልሰሙም እንዴ? አያ እንዳላማውን እኮ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ሰው ሞተ ሲባል «ምን አገኛቸው? አሟሟታቸው እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «በሬያቸውን ማን ያዘው?» የሚል ነበር። ሰውየው እንደ ጃጀ ሽማግሌ አየኝ፤ አልፈረድሁበትም። በርበሬውን እዚያው ሚዛኑ ላይ ትቼ፣ ከልጄ ጋር ከተማው ዳር ወደምኖርበት ቤት ሄድሁ፤ ገብቼም አለቀስሁ።

ለቀብራቸው አልደረስሁም። ለሠልስቱ ግን ልጄ በበቅሎ ጭኖ አድርሶኛል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ተሰብስባችሁ ስለ ደግነታቸው ስትናገሩ እኔ ጥግ ይዤ ዝም አልሁ። አንዳንዶቻችሁ «ያ ሁሉ ወዳጅነት የት ሄደ?» ብላችሁ ሳታሙኝ አልቀራችሁም። ዝም ያልሁት የምናገረው ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምናገረው እኔኑ የሚያዋርደኝ ስለሆነብኝ ነው። ለእሳቸው በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው የሚገባኝ አንድ ቃል ነበረ። ስንት ፋሲካ፣ ስንት እንቁጣጣሽ በደጃቸው ተመላልሼ ሳልናገረው ቀረሁ። እነሆ ለአርባቸው ስንሰበሰብ በሁላችሁ ፊት እንዲነበብልኝ ይህን ጻፍሁ።

ወጣቶቻችሁ አያ እንዳላማውን የምታውቋቸው ከነከዘራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ የማውቃቸው እርፍ ጨብጠው ነው። ቁመታቸው መካከለኛ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ነገራቸው ጥቂት ነበር። ሲያርሱ ጅራፋቸው አየር ላይ ይጮሃል እንጂ በሬ ላይ አያርፍም። ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ በሬዎቹን አቁመው «እፎይ በሉ፣ ጌቶቼ» ይሏቸው ነበር። እኔ በሬን ጌታዬ ማለታቸው ያስቀኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔን «ያላለቀው መሪጌታ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ዜማ ጀምሬ፣ የቆሎ ተማሪነቱ መሮኝ፣ ሚስት አግብቼ ወደ እርሻ የተመለስሁ ነኝና። ይህችን መጻፍ የቻልሁትም በዚያች ባላለቀች ትምህርት ነው።

እሳቸው ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነበራቸው። እኔም ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበረኝ። እኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ ነጠላ በሬዎች አንድ ጥማድ ይሆናሉ፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው ይታረሳል። ይህ ነው መቀናጆ። ውል አይጻፍበትም፣ ዋስ አይጠራበትም። ሰው ሚስቱን ቢፈታ ሽማግሌ ይቀመጥለታል። ክረምት ሊገባ ሲል መቀናጆ የሚያፈርስን ሰው ግን ምን እንደሚሉት እንኳ አባቶቻችን ቃል አላበጁለትም፤ ይኖራል ብለው አላሰቡምና።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። ፍኖተ ሰላምም ያኔ በዚህ ስሟ ገና አልተጠራችም። ከመንደራችን ጎልማሶች ብዙዎቹ ጫካ ገቡ፤ ጥቂቶቹ፣ ማፈሪያዎቹ፣ ባንዳ ሆኑ። በሬ እየተነዳ ለወታደር ወጥ ሆነ። መጨረሻ ላይ በመንደሩ ሁሉ የቀረው አሥራ ሁለት በሬ ብቻ ነበር። ባሏን ጣሊያን የገደለባት ወይዘሮ ጥሩነሽ ማሳዋ ዳዋ ውጦት ሦስት ልጆች ይዛ ተቀመጠች። በዚያ ሰሞን አንድ የቡሬ ነጋዴ መጥቶ «ጥማድ በሬ አከራያችኋለሁ፤ ከምርቱ እኩሌታው ለእኔ» አለን። ብዙዎቻችን ልንስማማ ዳር ዳር ስንል አያ እንዳላማው ከወይራው ሥር ሰበሰቡን።

«የጎደለን በሬ አይደለም» አሉ። «አሥራ ሁለቱ በሬ ቢቀናጅ ለሁላችንም ይደርሳል። የጎደለን ተራ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ ደቦ መጥራት ማን ከለከለን?» ቢሏቸው «ደቦማ ጠላ ላለው ሰው ነው። ድሃ በምን ድግስ ሰው ይጠራል? ጥሩነሽ ዛሬ ደቦ ብትጠራ ለማን ምን ልታቀርብ ነው?» ብለው መለሱላቸው።

ማኅበራችን በዚያ ቀን ተጀመረ። ስም እንኳ አላወጣንለትም፤ «ቀንበራችን» እያልን እንጠራው ነበር። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ለመያዝም ቀላል ነበር። በሬ ያለው በሬውን ያመጣል። በሬ የሌለው ጉልበቱን ያመጣል። ጉልበት የሌለው ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል፣ ወይም ያርማል፣ ወይም የእናቶችን ልጆች ሰብስቦ ይውላል። ድግስ የለም፤ ሁሉም ከቤቱ ስንቁን ይዞ ይመጣና አንድ ሰፌድ ላይ ይደፋዋል። ስንቁ ዓመቱን ሙሉ የጾም ነበር፤ ፍስክ ሆኖ እንኳ ሥጋ አናመጣም። ምክንያቱ ሁሴን ነው። ሁሴን ሸማኔ፣ እስላም፣ መሬት የሌለው ጎረቤታችን ነበር፤ በሽሮና በጎመን ጊዜ አብሮን ይበላል፣ ሥጋ ቢመጣ ግን ለብቻው ሊቀመጥ ነው። አያ እንዳላማው «ሰው የሚለይ ምግብ ከዚህ ሰፌድ አይድረስ» አሉ፤ በዚያው ጸና። ሁሴን የማኅበሩን ሰው ልብስ ይሸምናል፣ በምርት ጊዜ ከየአውድማው ድርሻውን ይወስዳል።

ዕጣ የሚያወጣውም እሱ ነበር። ማን ማሳ ቀድሞ እንደሚታረስ የሚታወቀው በዕጣ ነው፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ባቄላ ይሰጠውና ሁሉንም በጋቢው ጫፍ ውስጥ አደባልቆ ፊቱን አዙሮ ያወጣል። የሚታረስ መሬት የለውምና ማንም አይጠረጥረውም። «እኔ መሬት የሌለኝ ለዚህ ኖሯል» እያለ ይስቅ ነበር። ያ ዘመን የመከራ ዘመን ነበር፤ ሆኖም እውነቱን ከተናገርሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል በሰው መካከል መሆኔ የተሰማኝ ጊዜ የለም። ዛሬ እንኳ ሽሮ ሲቀርብልኝ ያ ሰፌድ ይመጣብኛል፤ የአሥራ ምናምን ቤት ሽሮ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ የጥሩነሽ ሁልጊዜ ጨው ያነሰው።

ወሬው ቡሬ ደረሰ። ጣሊያኑ ሹም አያ እንዳላማውን አስጠራቸው፤ እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አስተርጓሚው፣ የእኛው አገር ልጅ፣ በጎኑ ቆሞ ነበር። መንግሥት ማረሻና ዘር ይሰጣችኋል ተባልን። አያ እንዳላማው ጭቃ ሹም ይሆናሉ ተባለ። በምላሹ የሁላችን ስም ይጻፋል፤ የቀንበሩ ሥራም ቀድሞ ላህ ወንዝ ዳር ባለው በምሽጉ እርሻ ላይ ይውላል።

አያ እንዳላማው እጅ ነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ንገርልኝ። ስለ ማረሻው እግዜር ይስጥልን በላቸው። የስም ዝርዝር ግን የለንም፤ ተራ ብቻ ነው ያለን። መንግሥትም እርሻ ካለው ጠጠሩን ያግባ፤ ዕጣው ሲወጣ ይታረስለታል።»

አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መሰለ። «አባቴ፣ ይህን እንዳለ ብተረጉም ሁለታችንም ከዚህ አንወጣም» አለ በሹክሹክታ።

«እንግዲያው የራስህን ዕውቀት ጨምርበት» አሉት።

ልጁ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሹሙ ግን ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመና በእጁ አሰናበተን። አያ እንዳላማውን ግን ሁለት ቀን እንጨት ሲያስፈልጧቸው አስቀርተው ለቀቋቸው። ስንመለስ መንገድ ላይ እጃቸው ቆስሎ ነበር። «አየህ መሪጌታ» አሉኝ፣ «ነጋዴው የሚፈልገው ግማሹን እህል ነው። ይህኛው የሚፈልገው ዕጣውን ራሱን ነው። እህል ለከርሞ ይበቅላል።»

እኔ ይህን እየሰማሁ ሳለ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እሳቸው እንጨት ሲፈልጡ እኔ ምሽጉ ደጅ ቆሜ የመንገድ ሠራተኞች ደመወዝ ሲቀበሉ አይቼ ነበር። ከዚያም ከአንድ ቤት ላይ ቆርቆሮ አየሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ቆርቆሮ ቤት አማረኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ደስ ባለኝ፤ የለም። ሞኝ ነበርሁ፤ የሞኝነቴ ክፉው ነገር ደግሞ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ዳልቻን ለዚያው ለቡሬው ነጋዴ ሸጥሁት። ነጋዴው ለምሽጉ ሥጋ እንደሚያቀርብ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም። ባለቤቴ አንጓች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሬው ሲነዳ ደጅ ቆማ አየችና ቤት ገብታ በሩን ዘጋችብኝ።

ለአያ እንዳላማው ልነግራቸው ስሄድ አዲስ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ለዳልቻ አንገት እንዲስማማ በአንድ ወገን ጎድጎድ አድርገውት ነበር፤ ያ በሬ አንገቱ ላይ ቁስል ነበረበት። ነገርኋቸው።

«ሸጥኸው?»

«ሸጥሁት፣ አያ። መንገድ ሥራ ልሄድ ነው።»

መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖሩት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ በቀላሉ እሄድ ነበር። «በሬው ያንተ ነው» አሉኝ። ደግሞም «የምትሄድበት ቆላ ወባ አለው። ከቤት ፌጦ ውሰድ» አሉና ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ፌጦ አምጥተው ሰጡኝ። እኔም ተቀብዬ ሄድሁ። ማመስገኔን አላስታውስም።

መንገድ ሥራው እንዴት እንደነበር አልተርክም፤ የገረፈኝን ሰው ስም እንኳ አላውቅም። አንድ ወር ተኩል ያህል ሠርቼ በወባ ወደቅሁ፤ ስድን አባረሩኝ። ደመወዜና የዳልቻ ዋጋ በጣሊያን ወረቀት ተከፍሎኝ ነበር። በገጠሩ ብር ካልሆነ ያን ወረቀት የሚቀበል አልነበረም፤ ጫካ ያሉት አርበኞችም ከልክለዋል። በሬ ሸጬ በሬ የማይገዛ ወረቀት ታቅፌ ተመለስሁ። ዝናቡ ወርዷል። ዘር የሚዘራበት ጊዜ ነው፤ የእኔ ማሳ ያልታረሰ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር። በመንገድ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ዓመት ልጄ ሲወለድ ምን ይበላል?

ከጉብታው ላይ ሆኜ ሳይ ማሳዬ ጥቁር ሆኗል። ታርሷል፤ ያውም ተደግሞ። የተሳሳትሁ መስሎኝ ድንበሩን ቆጠርሁ። ቤት ገብቼ አንጓችን ጠየቅኋት።

«ማን አረሰው?»

«አያ ናቸው እንጂ ማን አለህ!»

«በምን በሬ?»

አንጓች ፊቷን አዞረች። «በቦራና በመካኗ ላማቸው» አለች።

የእኛን አገር የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላም ቀንበር አይጫንባትም። ላም የጠመደ ሰው ድህነቱን ብቻ ሳይሆን ነውሩን አደባባይ እንዳወጣ ይቆጠራል። አያ እንዳላማው፣ መንደሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው፣ ለቦራ ጓደኛ ስላጡ መካን ላማቸውን ጠምደው በሰው ፊት አርሰዋል። ውኃ ቀጂ ሳይቀር ቆሞ ስቆባቸዋል። እሳቸው ግን «ወተቷን ከከለከለችን ጉልበቷን ትስጠን እንጂ» ብለው ማረሳቸውን ቀጠሉ አሉ። የተሳቀባቸው በእኔ ምክንያት ነው።

ዕጣው እንዴት ለእኔ ቤት ሊደርስ እንደቻለ የነገረኝ ሁሴን ነው። በሬዬን ስላወጣሁ ከቀንበሩ ወጥቻለሁ። ማኅበሩ ሲሰበሰብ አያ እንዳላማው የእኔን ማሳ ቢያነሡ ወይዘሮ ጥሩነሽ ብድግ አለች። «አያ፣ ባሌን ለገደሉት ሰዎች የጋራ በሬያችንን ያረደ ሰው ነው። ለእሱ ማሳ ልጆቼ ሊዘገዩ ነው?» አለች። እውነቷን ነው።

«እቴ ጥሩነሽ፣ ካልሽው ውስጥ አንዱንም አላስተባብልም» አሏት። «ልጆችሽም አይዘገዩም። እኛ ግን ቀንበር ያቆምነው ለበሬ አይደለም፤ ለአፍ ነው። በዚያ ቤት አንጓች አለች፤ በሆዷ ያለውም አለ። የእኔን ዕጣ ለዚያ ቤት አድርጉት።»

ሁሴን ሲያወጣ የእሳቸው ባቄላ ሁለተኛ ወጣ። የእኔ ማሳ ሁለተኛ ታረሰ። የእሳቸው ከሁሉም በኋላ፣ ሐምሌ ካለቀ፣ ጭቃው ሞፈር በሚይዝበት ጊዜ ታረሰ። ጤፋቸው ሳያሽት ዝናቡ ወጣ። ኅዳር ላይ አውድማቸው የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አልሞላም። እኔ መንሽ ይዤ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። የእኔ ጎተራ ሞልቷል። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ነፋሱ ጥሩ ነው» አልሁ። እሳቸውም «ጥሩ ነው» አሉኝ። ከጎተራዬ ሁለት ቁና ልኬላቸው ነበር፤ መልሰው ላኩት፤ «ለጥሩነሽ ልጆች ስጥልኝ» የሚል መልእክት ነበረው። በተከታዩ ክረምት አዲሱ እህል እስኪደርስ የእሳቸው ቤት ጎመን በልቶ ከረመ።

ከመከሩ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጥሩነሽ ማሳዬን ልታርም መጥታ ነበር። ተራዋ ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ «ለአንተ እንዳይመስልህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ አከብራታለሁ፤ እሷ ቢያንስ የሚገባኝን ሰጠችኝ። የአያ እንዳላማውን ዝምታ ግን መቻል አቃተኝ።

ጠላት ከወጣ በኋላም ቀንበራችን ብዙ ዘመን ቆየ። በኋለኛው ዘመን ከከተማ የመጡ ወጣቶች ደብተር ይዘው «ተደራጁ» ሲሉን አያ እንዳላማው ከፊት ተቀምጠው በትዕግሥት ሰሟቸው። አንዱ ወጣት «ሊቀ መንበራችሁ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ዘንድሮ ዕጣው የወጣለት ነዋ» አሉት። ወጣቱ ጻፈው መሰለኝ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልዘለቀም። በዚህ ሰው ፊት ያለብኝን ዛሬም አልተናገርሁም ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ልናገር ሞክሬ አውቃለሁ። አንድ ፋሲካ ዶሮ ይዤ ሄጄ «አያ፣ ያን ዓመት እኮ…» ብዬ ጀመርሁ። እሳቸው «የትኛውን ዓመት?» አሉኝ። የእውነት ረስተውት ነበር ወይስ ሊያሳርፉኝ ብለው፣ ዓይናቸውን አይቼ መለየት አልቻልሁም። እኔም «ያ ብዙ ዝናብ የጣለበትን» አልሁና ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን። ሰው በአንድ ቃል ፈሪ ሊሆን ይችላል። ጥይት ያልፈራ ሰው ሲፈራ አይቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ጥይትም ፈርቻለሁ።

አያ እንዳላማው! አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው፤ ሌሎች ይስሙ። ልጅዎ እናኑ፣ ያን የጎመን ክረምት ገና ዳዴ ትል የነበረችው፣ አንድ በሬ ብቻ ይዛ መቅረቷን በሠልስትዎ ሰማሁ። ትናንት በሬዬን አስነድቼ ደጅዎ መጣሁ። «ለዚህ ክረምት ነው፣ አባባ?» አለችኝ። «እኔ እስካለሁ» አልኋት። ከዚያ የእኔ መኖር ስንት ቀን እንደሆነ አሰብሁና ልጄን ጠራሁት፤ ያን ዓመት በአንጓች ሆድ የነበረው ነው። እሱም ፊቷ ቆሞ ቃል ገባ። ምን እንደበደልሁም ነገርኋት። እሷ ታሪኩን አታውቅም ነበር፤ ለልጆችዎ እንኳ አልነገሯቸውም ኖሯል።

ይህ ዕዳ ከፈልሁ ለማለት አይደለም። በእኔ ምክንያት ላም ጠምደው ተሳቀብዎት። በእኔ ምክንያት ልጆችዎ ተራቡ። በሬውን ሸጬ የሄድሁ ቀን ደግሞ ለመንገዴ ፌጦ ሰጡኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ አያ። ይህችን ቃል ለማለት ዕድሜዬን ሙሉ ፈጀሁባት፤ እርስዎ ግን ማሳዬን ለማረስ አንድ ቀን አልዘገዩም። ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።